«ዘ ሚክስ»፦ ክራፍትቨርክ የገዛ ሥራውን ያረመበት አልበም

አንድ የሙዚቃ ቡድን በስሙ ሲታወቅና ዕድሜው ሲገፋ፣ አሳታሚው በተለያዩ ዓመታት ተደማጭነት ያገኙትን ዘፈኖቹን ለቃቅሞ በአንድ አልበም ማውጣቱ የቆየ የንግድ ልማድ በመሆኑ፣ የሙዚቃ ተቺዎች እንዲህ ላለው ስብስብ እምብዛም ቦታ አይሰጡትም። የዚህ ዲስኩር ርእሰ ጉዳይ ግን ከልማዱ የወጣ አንድ ስብስብ ነው፤ እርሱም በጀርመን የዱሰልዶርፍ ከተማ ቡድን የሆነው ክራፍትቨርክ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ዘ ሚክስ» ነው።

ቡድኑን በ1970 የመሠረቱት ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር ሲሆኑ፣ ከጥቂት ዓመታት ሙከራ በኋላ ዋናው መሣሪያቸው ሲንተሳይዘር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገድ አመንጭቶ ወደ ልዩ ልዩ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ሆነ። በ1974 የወጣው «አውቶባን» የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የያዘ፣ ከ22 ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ ሥራ ነበር፤ ለሬዲዮ እንዲመች በአጭሩ ተቆርጦ ሲቀርብ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 25ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ከዚያም በ1982 የኒው ዮርኩ አፍሪካ ባምባታ «ፕላኔት ሮክ» ለተባለው ዘፈኑ የክራፍትቨርክን ዜማና ምት መሠረት ሲያደርግ፣ የዲትሮይት ወጣቶችም ቴክኖ የተባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ሲፈጥሩ፣ የቡድኑ ድምፅ በሌሎች እጅ ከቡድኑ ቀድሞ መራመድ ጀመረ።

«ዘ ሚክስ» ለዚህ ሁኔታ የተሰጠ መልስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ሁተርና ባልደረቦቹ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች እንዳሉ ከማሳተም ይልቅ፣ የቆዩ ድምፆቻቸውን ወደ ዲጂታል፣ ማለትም ድምፅን በቁጥር መዝግቦ ወደሚይዝ ዘዴ አዛውረው፣ ክሊንግ ክላንግ በተባለው የራሳቸው ስቱዲዮ አሥራ አንድ ክፍሎችን እንደገና አቀነባበሩ። ምርጫው ራሱ ያስገርማል፤ በ1982 በብሪታንያ አንደኛ የወጣውና በዚያ አገር ከሥራዎቻቸው ሁሉ የላቀ ተቀባይነት ያገኘው «ዘ ሞዴል» በስብስቡ ውስጥ የለም። በአንጻሩ ስለ ኪስ የሂሳብ ማሽን የተዘፈነው ዘፈን ከጃፓንኛ ቅጂው ጋር ተከታትሎ ቀርቧል። መራጩ የሽያጭ መዝገብ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ዝርዝር ባልወጣ ነበር።

የእርማቱ ጥልቀት ጎልቶ የሚታየው በ«ሬዲዮአክቲቪቲ» ላይ ነው። የ1975ቱ ቅጂ የሬዲዮ ሥርጭትንና የኑክሌር ጨረርን በአንድ ቃል አስተሳስሮ፣ በዝግታና በሐዘን ቃና እየተጓዘ፣ አድናቆት ይሁን ማስጠንቀቂያ ሳይለይ የሚያልፍ ነበር። ቼርኖቢል በ1986 ከደረሰባት አደጋ በኋላ ግን ይህ ዝምታ ለቡድኑ የሚመች አልሆነም። በአዲሱ ቅጂ መግቢያ ላይ በማሽን የተቀረጸ ድምፅ ስማቸው ከኑክሌር ጋር የተያያዘ ቦታዎችን፣ ቼርኖቢልን፣ ሃሪስበርግን፣ ሴላፊልድንና ሂሮሺማን፣ በተራ ይጠራል፤ በግጥሙም ውስጥ ጨረሩ እንዲቆም የሚያዝ አንድ ቃል ተጨምሯል፤ ምቱም ለጭፈራ እስኪሆን ድረስ ጠንክሯል። ቡድኑ በ1992 ሴላፊልድ የተባለውን የብሪታንያ የኑክሌር ተቋም በመቃወም በማንቸስተር በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ተካፍሏል፤ በ2012 ደግሞ በጃፓን የኑክሌር አደጋ የደረሰባት ፉኩሺማ በስሟ ተጠርታ ግጥሙ በጃፓንኛ ተዘፍኗል።

የተገኘው ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የመጀመሪያው «አውቶባን» የመኪና በር ሲዘጋና ሞተር ሲነሣ እየተሰማ ይጀምርና፣ ዋሽንትና ጊታር ከሲንተሳይዘሩ ጋር እየተፈራረቁ አድማጩን ረጅም መንገድ ይወስዱታል፤ በ1991ዱ ቅጂ ርዝመቱ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲወርድ፣ ያ ዋሽንት ጠፍቷል፣ ትርፍ ጊዜ ያለው መንገደኛ የሚያውቀው መዝናናትም አብሮት ሄዷል። ንጽሕናው ያሸነፈ ቢመስልም፣ በዚህ ዘፈን የቀድሞው ይበልጣል። ዋጋው በዚህ አላበቃም፤ በሥራው ዝግታ ምክንያት የቡድኑ አባላትም ተነጥለዋል፤ ቮልፍጋንግ ፍሉር በ1987፣ ካርል ባርቶስ በ1990 ለቀዋል።

ያም ሆኖ ቡድኑ በ2009 የሥራዎቹን ጥቅል ስምንት አልበሞች አድርጎ ሲያሳትም፣ ከ1970 እስከ 1973 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች ሲተው፣ «ዘ ሚክስ»ን ግን ከስምንቱ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።