የአረጋውያን ጉልበትና አረማመዳቸው



በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል የእግርን መታጠፊያም፥ የሰውን ኃይልም ያመለክታል። ዛሬ የምንነጋገርበት ሕመም ሁለቱ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደ ሆኑ ያሳያል።

የወላይታ ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ናት። ከተራራው ጥግ የሚኖር አረጋዊ ወደ ገበያ ሲወርድ ቁልቁለት፥ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳገት ይጠብቀዋል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይልቁንም ቁልቁለቱን ይፈራል፤ ሰውነት ወደ ታች ሲወርድ የሚገታው የታጠፈው ጉልበትና የጭኑ ጡንቻ ነውና።

ሐኪሞች ሕመሙን ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ይሄዳል፤ ልባሱም የደም ሥር የሌለው ስለ ሆነ የተጎዳውን በቀላሉ አይተካም። ሰው በሜዳ ሲራመድ እንኳ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ሕመምተኛው ሳያስበው አረማመዱን ይለውጣል፤ እርምጃውን ያሳጥራል፥ ፍጥነቱን ይቀንሳል፥ ጉልበቱንም እንደ ቀድሞው አያጥፍም።

እኛ የቢሮ ሠራተኞች ይህን ስናይ ምን እናደርጋለን? አባታችንን ከአገር ቤት አምጥተን «አባባ፥ እርስዎ ይረፉ፤ የሚያስፈልግዎን እኛ እናቀርባለን» እንላለን። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ይጎዳል። ሥራ የፈታ የጭን ጡንቻ ይመነምናል፤ ጡንቻው ሲደክም ጉልበት ደጋፊ ያጣል፤ ሕመሙም ሲብስ ሽማግሌው ከወንበሩ ለመነሣት እየፈራ ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፥ በየቀኑ እንደ አቅም በሜዳማ መንገድ መራመድ ነው። ሁለተኛ፥ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን በዝግታ ቀጥ አድርጎ ማንሣትና መልሶ ማውረድ የጭንን ጡንቻ ያበረታል። ሦስተኛ፥ ምርኩዝ የሚያዘው ብዙዎች እንደሚያስቡት በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። አራተኛ፥ ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀልለታል።

ጉልበቱ በድንገት ያበጠ፥ የጋለ፥ ወይም ከወደቀ በኋላ መቆም ያቃተው ሰው ግን ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። በሶዶም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልና የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ይገኛሉ።

እንግዲህ ወላጁን የሚያከብር ሰው ወንበር ሲያቀርብ ምርኩዝም አብሮ ያቅርብ፤ ማለዳም ተነሥቶ ከጎኑ ይራመድ።