ያለ ተራ የሚጀመር ሰንጠረዥ

ዛሬ ስለ ጥንቱ የሀገራችን የቼዝ ዓይነት፣ ስለ ሰንጠረዥ፣ እናወጋለን። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ እጅግ ይወዱት እንደነበር በ1800ዎቹ መጀመሪያ የጎበኛቸው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል።

ውበቱ መክፈቻው ላይ ነው። «ወረራ» ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እንዳሻቸው እያንቀሳቀሱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ እጅ ሲሠራ ዓይን የባላጋራን አሰላለፍ ይሰልላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንድ ጠጠር ሲበላ ነው። የዘመኑ ቼዝ ይህ የለውም።

ሰንጠረዥ ጉድለትም አለው፦ ከንጉሡ ጎን ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለሚራመድ ጨዋታው ይንዛዛል። ሕጉም በቃል ስለተላለፈ ከተጫዋቾቹ ጋር እየጠፋ ነው። በኢሉባቦር ሰንጠረዥ የሚያውቁ አባት ካሉ፣ እባካችሁ ልጆች፣ ጠይቃችሁ ጻፉልን።