ለማዳበሪያ የራሱ፣ ለዘር የራሱ፣ ለእህል የራሱ ተራ ቁጥር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በወረቀት ስንሠራ ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘርና ለእህል ግዢ የተለያየ የደረሰኝ ጥራዝ ነበረን። እያንዳንዱ ከ1 ይጀምራል፤ አንድ ቅጠል ከጎደለም ወዲያው ይታወቃል። መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ስናዛውር ይህ ጥቅም እንዳይቀርብን መጠንቀቅ ይገባናል።

እንደ አክሰስ ያለው የመረጃ ቋት በራሱ የሚሰጠው ተራ ቁጥር ለአንድ ሰንጠረዥ አንድ ብቻ ነው። ሦስቱም ዓይነት በአንድ ሰንጠረዥ ሲመዘገቡ ማዳበሪያው 1፣ 4 እና 9ን ይዞ ይገኛል። ተጀምሮ የተተወ ምዝገባም ቁጥር በልቶ ይቀራል። ኦዲተር «የጎደሉት የት ሄዱ?» ቢል መልሱ ያስቸግራል።

«የመጨረሻውን ቁጥር ፈልጎ 1 መጨመር» የሚለው ዘዴም አያስተማምንም። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ቢመዘግቡ ሁለቱም 46ን አይተው 47ን ይሰጣሉ። አንድ ቁጥር ለሁለት አርሶ አደር ተሰጠ ማለት ነው፤ በትርፍ ክፍፍል ጊዜም የአንዱ ድርሻ ለሌላው ሊጻፍ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተለው ቢደረግ ይበጃል፦

1. የቁጥር መቆጣጠሪያ ሰንጠረዥ ይዘጋጅ። ለእያንዳንዱ ዓይነትና በጀት ዓመት አንድ መስመር ይኑረው፤ በመስመሩም መጨረሻ የተሰጠው ቁጥር ይቀመጥ።

2. ደረሰኝ ሲመዘገብ ያ መስመር ይቆለፍ፣ 1 ይጨመርበት፣ ደረሰኙም አብሮ ይቀመጥ። አንዱ ካልተፈጸመ ሌላውም ይቅር። ጥራዙ በአንድ ሰው እጅ ሳለ ሌላው ተራውን እንደሚጠብቅ ማለት ነው።

3. ዓይነት፣ ዓመትና ቁጥር ተጣምረው እንዳይደገሙ የመረጃ ቋቱ ራሱ ይከልክል።

4. ዓመቱ በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ቀን አይወሰድ። የፈረንጆቹ ዓመት በታኅሣሥ ማገባደጃ ይለወጣል፤ የእኛ በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል።

5. የተበላሸ ደረሰኝ አይጥፋ፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ከነቁጥሩ ይቆይ።

የሥራ ኃላፊዎች፣ ፕሮግራም ለሚሠራው ባለሙያ ውል ስትሰጡ እነዚህን ነጥቦች አስገቡ፤ በሁለት ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ አስመዝግባችሁም ፈትኑት። አባላትም «ማዳ-2017-00047» የሚል ደረሰኝ ሲደርሳችሁ የማዳበሪያ መሆኑን፣ ዓመቱንና ተራውን አይታችሁ በጥንቃቄ አስቀምጡ። የላባችሁ ማስረጃ እርሱ ነውና።