የመጀመሪያው ቃል

የተከበራችሁ አባ ገዳዎች፣ ሀደ ሲንቄዎች፣ የሮቤና የጎባ ነዋሪዎች፣ የሕግ ተማሪዎችና የፖሊስ አባላት፤

በዚህ አገር ደም ሲፈስ ሽማግሌ ለጉማ፣ ማለትም ለደም ካሳና ዕርቅ፣ የሚቀመጠው ገዳዩ ጥፋቱን ሲያምን ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ተኳሹ መተኮሱን አምኖ፣ እንዴትና ለምን እንደተኮሰ ግን ቃሉ አልጸና የሚልበትን ጉዳይ ነው፤ ያውም ተኳሹ ፖሊስ ሲሆን።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ከማንም መዝገብ የወሰድሁት አይደለም። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስንዴው ታጭዶ ገለባው በቀረበት ማሳ ላይ አንድ ወጣት በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። ፖሊሱ ያንኑ ምሽት ለአለቃው «ቁም ብለው ሮጠብኝ» ይላል። በሳምንቱ ለመርማሪ ቃሉን ሲሰጥ «ድንጋይ ይዞ መጣብኝ» ይላል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ አነጋገር ልዩነት ቆጥረን እናልፈዋለን። በሕግ ዓይን ግን ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው የደረሰን ወይም ሊደርስ የተቃረበን ሕገወጥ ጥቃት ለመመከት ሲሆን ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ሰው ደግሞ እያጠቃ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ጥይቱ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ለይቶ ይጻፍ። ቀለሁ ከተገኘበት እስከ ደሙ ያለው ርቀት በሜትር ይለካ፤ «ቅርብ ነበር» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ይህ ሁሉ በዚያው ቀን ካልተሠራ፣ የባሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ በማግሥቱ ማሳው ላይ የሚገኘው ጭቃ ብቻ ነው።

ለፖሊሱም ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። የደነገጠ ሰው ስንት ጊዜ እንደተኮሰ ይጠፋዋል፤ ሰዓቱን ያዛንፋል፤ ማን ከማን ቀድሞ እንደጮኸ ይምታታበታል። በዚህ ብቻ ዋሽቷል ማለት ነውር ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ በተለወጠ ቁጥር ተናጋሪውን ከተጠያቂነት እያራቀ የሚሄድ ቃል ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 145 ምስክር በምርመራ ጊዜ የሰጠው ቃል በችሎት ከሚናገረው ጋር እንዲመሳከር በር ከፍቷል። ምስክሩ ፖሊስ በሆነ ጊዜም በሩ ያው ነው። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ቃል በጽሑፍ ካልሰፈረ ምኑ ከምኑ ይመሳከራል?

ከወገኖቻችን የአንዱን ጉዳይ ላንሣ። ሰኔ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በእስራኤል፣ በሃይፋ ከተማ ኪርያት ሃይም ሰፈር፣ ወጣቱ ቤተ እስራኤላዊ ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ፖሊሱ ድንጋይ እንደተወረወረበት፣ ለሕይወቱ ሰግቶ ወደ መሬት እንደተኮሰ ተናገረ። በስፍራው የነበሩ ወጣቶች ደግሞ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ነገር አልነበረም አሉ። ምርመራው ጥይቱ መሬት መትቶ ነጥሮ ሰለሞንን እንዳገኘው አመለከተ። ይህ ውጤት ከፖሊሱ ቃል ግማሹን ይደግፋል። መሣሪያ የሚያስመዝዝ አደጋ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ግን የጥይት ጉዞ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው በየተራ፣ ለየብቻ የተወሰደ የሰው ቃል ነው። ያን ሰሞን ቤተ እስራኤላውያን ወጥተው አውራ ጎዳና የዘጉት የፖሊስን ጥቃትና ዘረኝነትን በመቃወም ነበር፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነበር።

በእኛው በኦሮሚያ ክልል ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. በምሥራቅ ሸዋ፣ ፈንታሌ ወረዳ፣ 14 የከረዩ ገዳ አባላት ተገደሉ። የክልሉ መንግሥት በመጀመሪያ ግድያውን የፈጸመው «ሸኔ» የሚለው ታጣቂ ቡድን ነው አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ የገደሏቸው የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መሆናቸውን አስታወቀ። እዚህ ላይ ከእውነታው ጋር የተጋጨው የአንድ ግለሰብ ቃል ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ይቀል ነበር። የተጋጨው የመንግሥት ቃል ነው። ዘመዱን የቀበረ ሰው ገዳዩን በሌላ ስም ሲጠሩለት ሐዘኑ ላይ ምን እንደሚጨመርበት በመካከላችሁ የሚያውቅ አለ።

ለሕግ ተማሪዎችና ለፖሊስ አዛዦች የምለምነው አንድ ነገር ነው። የተኮሰው ፖሊስ ከባልደረቦቹ ጋር ከመምከሩ በፊት፣ የመናገር ግዴታ እንደሌለበት ተነግሮት፣ ለመናገር ከፈቀደ ቃሉን በራሱ እጅ ጽፎ ይፈርም። ሰዓቱ ይመዝገብ። አንዱ ቅጂ በዚያው ዕለት ዐቃቤ ሕግ እጅ ይግባ።