የተዘጋው የትኛው በር ነው? ስለ ፖርት፣ ስለ ፋየርዎልና ስለ ቶር ሪሌይ

(ለግሽ አባይ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



እዚህ ባህር ዳር ኢንተርኔት ሲጠፋ ያላየ ወጣት የለም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ማታ ጠፋ። በሰኔ 2012 መጨረሻ አገሪቱ በሙሉ ጠፋባት። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር ምክር አለች፦ «ቪፒኤን አውርድ፣ ቶር ጫን፣ ይከፈትልሃል።» አንዳንዱ ደግሞ አልፎ «እኔ ራሴ ሪሌይ ልሁንና ለወገኔ መንገድ ልክፈት» ይላል። ሀሳቡ ደግ ነው። ግን የትኛው በር እንደተዘጋ ሳያውቁ ቁልፍ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛው መቋረጥ ነው። መስመሩ ራሱ ሲቆረጥ ቶርም ቪፒኤንም ምንም አያደርጉም። ውሃው ከዋናው ከተዘጋ ጀሪካን ብታማርጡ አይቀዳም። ሁለተኛው እገዳ ነው። መስመሩ አለ፣ የተወሰነ ገጽ ወይም መተግበሪያ ብቻ ተለይቶ ተዘግቷል። ሪሌይ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

በግንቦት 2004 በአገራችን ቶር ሲታገድ የሆነው ይኸው ሁለተኛው ነው። አጣሪው አድራሻና የፖርት ቁጥር ብቻ አይቶ አላቆመም፤ ቶር ግንኙነት ሲጀምር የሚለዋወጣትን ሰላምታ አውቆ ቆረጣት። ዲፕ ፓኬት ኢንስፔክሽን የሚባለው ይህ ነው። እንዲህ ዓይነት አጣሪ ባለበት የፖርት ቁጥር መቀየር ብቻውን አያድንም። ያኔ የሠራው ሰላምታዋን የሚሸፍን ብሪጅ ነበር።

እሺ፣ ሪሌይ ምንድን ነው? የሌላውን ሰው ግንኙነት ተቀብሎ ለቀጣዩ የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። ለመቀበል ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚያንኳኳበት በር ይፈልጋል። ያ በር ፖርት ነው። ግቢያችሁን አስቡ፤ አይፒ አድራሻው የግቢው ቁጥር ነው፣ ፖርት የክፍሉ ቁጥር። ክፍሎቹ እስከ 65535 ይደርሳሉ። ዌብሳይት 443 ላይ ይቀመጣል። ሰርቨር ከሩቅ የሚታዘዝበት 22 ነው። ቶር ሪሌይ 9001ን ለምዷል፤ 443 ላይም ይሠራል።

እንግዳው እዚያ ክፍል ለመድረስ አራት ነገር ማለፍ አለበት።

አንድ፦ ፕሮግራሙ መነሳት አለበት። ክፍሉ ባዶ ከሆነ በሩ ቢከፈት ማን ያስተናግዳል?

ሁለት፦ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል። ይሄ ዘበኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ የሚወጣውን ያሳልፋል፣ ሳይጠራ የመጣውን ይመልሳል። ፌስቡክ ለማየት ፖርት መክፈት ያላስፈለጋችሁ ለዚህ ነው፤ የጀመራችሁት እናንተ ናችኋ!

ሦስት፦ ራውተሩ። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ አለ፣ የውጭ በሩ ግን አንድ ነው። እንግዳው ማንን እንደፈለገ ራውተሩ አያውቅም። «9001 የመጣውን ለዚህ ኮምፒውተር ስጥ» ብላችሁ መንገር አለባችሁ። ፖርት ፎርዋርዲንግ ይሉታል።

አራት፦ ቴሌኮሙ። በሞባይል ዳታ ላይ ብዙ ጊዜ እጅግ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራል። የዚያ በር ቁልፍ እናንተ ጋ የለም። ማወቂያው ቀላል ነው። ራውተሩ ላይ የሚታየውን የውጭ አድራሻ አይፒ ከሚነግር ዌብሳይት ጋር አስተያዩት። ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ቤታችሁ ብትደክሙ ከውጭ አይገባም። ሰርቨር የተከራየ ሰው ደግሞ የአከራዩ ድርጅትም የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው እንደሚችል አይርሳ።

የትኛው ጋ እንደቆመ እንዴት ይታወቃል? ከውጭ ሲሞከር ወዲያው እምቢ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ጋ ደርሷል፣ ክፍሉ ውስጥ ግን ሰው የለም። ዝም ብሎ ቆይቶ ጊዜው ካለቀ ደግሞ መንገድ ላይ ዘበኛ ውጦታል። ቶር ራሱም ሲነሳ በሩን ከውጭ ይፈትንና ውጤቱን ሎጉ ላይ ይጽፋል። እሱን አንብቡ።

አሁን ጥንቃቄው። «አልሠራ አለኝ» ብላችሁ ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ። ለአንድ እንግዳ ብሎ የግቢውን አጥር የሚያፈርስ የለም። የሚያስፈልገውን አንዱን ብቻ ክፈቱ። የቶር 9050 እና 9051 ለራሳችሁ ኮምፒውተር ናቸው፣ ለውጭ እንዳይታዩ። 22ን በደካማ የይለፍ ቃል ከፍቶ መተው ቤትን ለሌባ ማከራየት ነው።

ሌላም እውነት አለ። ሪሌይ ቢያንስ 10፣ ቢቻል 16 ሜጋቢት በሰከንድ፣ በወር ደግሞ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 100 ጊጋባይት ይጠይቃል። የተለመደ ሪሌይ አይፒ አድራሻ ለዓለም ሁሉ በይፋ ይዘረዘራል። በአገራችን ያለፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን የሚቀጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004ም አለ፤ ሳያነቡት ወደዚህ ነገር መግባት ድፍረት አይባልም። ስለዚህ ከቤታችሁ ሪሌይ አትክፈቱ። ጀግንነት ሰፈርን ለአደጋ ማጋለጥ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ውጭ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን መስመርም አቅምም አላቸው። ስኖውፍሌክ የሚባለውን ብሮውዘራቸው ላይ ቢጭኑ ይበቃል። ፖርት መክፈት አይጠይቅም፤ መሃል ላይ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ደላላ አለ። ተጠቃሚው የሚከፍተው ዌብሳይትም የእነሱን አድራሻ አያይም።

እኛ እዚህ ያለነው ደግሞ እንማር። ዲግሪ ይዘን ሥራ ያጣን ብዙ ነን፤ ይህ እውቀት ነገ እንጀራ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ራውተራችሁን ክፈቱ፣ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ የትኛው ፖርት እንደተከፈተ እዩ። የራሱን በር የማያውቅ የሌላውን አይከፍትም።

ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።