ክረምት ከሁለቱ ልጆቼ ጋር



የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሐምሌ ለሂሳብ ሠራተኛ ቀና የማይባልበት ወር ነው። ዘንድሮ በዚሁ ወር ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን አጽድቆልን፣ የ9 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾች ቤታችን ገቡ። ትምህርት ቤትም ዝግ ነው።

የቤተሰብ ሕጋችን የጉዲፈቻ ልጅን በማንኛውም ረገድ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጥረዋል። ልጅ ግን በወረቀት አያምንም። ትልቁ ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ አላስገባም ብሎ ሦስት ሳምንት በቦርሳው አቆየው። "ስንመለስ እንዳይጠፋብን" አለኝ። አላስገደድነውም። ጠዋት "ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?" ሲለኝ፣ በነገርኩት ሰዓት ቤት እገኝ ነበር።

ያንን ሰዓት የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። አራት የማኅበራችን እናቶች በዚያ ዝናብ ተራ ገብታችሁ ልጆቼን ይዛችሁ ዋላችሁልኝ። ለቡሄ ትልቁ የሰፈሩን ልጆች እየመራ መጥቶ በራችን ላይ ጨፈረ። "የኛ ቤት ነው፣ ሙልሙል አለን" ሲላቸው ሰማሁት። በማግሥቱ ቦርሳው ባዶ ነበር።

የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቀርቷል። ወላጅ ያጡ ልጆቻችንን የምናሳድገው እንግዲህ እኛው ነን። "ምን እንስጥ?" ለምትሉ ደጋፊዎች፣ ልብሱም መልካም ነው፤ ከሁሉ የሚቀድመው ግን አብሯቸው የሚውል ሰው ነው። ተራ ለሚገቡ እናቶች የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ይሸፈንላቸው። ይህንንም በመጪው ዓመት ዕቅዳችን እናስገባው።