መጪው ኢንተርኔትና የሰነድ ጥያቄ



  በዛሬው ዝግጅታችን ኢንተርኔት ወዴት እየሄደ እንደሆነና ቤተሰባችን ለዚያ እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት እንመለከታለን።

ኢንተርኔት ወደ ሀገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ለመጠቀም ኮምፒዩተር ያለበት ቦታ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ግን እኛ በምንኖርበት በጀሞ ኮንዶሚኒየም ያለች እናት፣ ጅዳ ካለች ልጇ ጋር በሞባይል ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ። በግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ገንዘባችንም በዚያው ስልክ ውስጥ ገብቷል።

መጪው ዘመን ደግሞ ሌላ ነው። ቀድሞ ኢንተርኔት ሰው የጻፈውን ፈልጎ ያመጣልን ነበር። በኅዳር 2015 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ ግን መልሱን ራሱ የሚያዘጋጅ ማሽን ተለመደ፤ ብዙ ጊዜም ከማን እንዳገኘው አይናገርም። ጥቂት የተቀዳ ድምፅ ከተሰጠውም የሰውን ድምፅ ይኮርጃል። ስለዚህ «እማዬ፣ ቸግሮኛል፣ ቶሎ ላኪልኝ» የሚለው የልጃችን ድምፅ የልጃችን ላይሆን ይችላል።

ውድ አድማጮች! ይህ ፈተና መልኩ አዲስ ቢሆንም ጥያቄው ለሙስሊሙ አዲስ አይደለም። የሐዲስ ዑለማኦቻችን አንድ ቃል ሲነገራቸው «ከማን ሰማኸው? እርሱስ ከማን ሰማ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ሰንሰለቱ ከተቆረጠ ንግግሩ ስላማረ ብቻ አይቀበሉትም። ኢማም አል-ቡኻሪ ለዚህ ሥራ ሀገር ለሀገር ዞረዋል።

የሚገርመው፣ የቴክኖሎጂ ባለሙያዎችም ዛሬ ወደዚሁ ጥያቄ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 አዶቤ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲና ሌሎችም ሲቱፒኤ የተባለ ኅብረት መሠረቱ። ዓላማው አንድ ፎቶ ከየት እንደመጣና ምን ለውጥ እንደተደረገበት የሚናገር ማኅተም አብሮት እንዲጓዝ ነው። የፎቶ ሰነድ ብንለው ያስኬዳል። ይሁንና ማኅተሙ ሊጠፋ ይችላል፤ ቢኖርም ምንጩን እንጂ የነገሩን እውነትነት አይመሰክርም። ዑለማኦቹም ሰንሰለቱን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ተናጋሪ ታማኝነትና የማስታወስ ችሎታ መርምረዋል። ይህ ድርሻ ለእኛም ይቀርልናል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቃት አንዲት የምስጢር ቃል ትኑረን፤ ውጭ ሀገር ያሉትም ይወቋት።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ላኩ ስንባል ስልኩን ዘግተን ቀድሞ በምናውቀው ቁጥር እንደውል። የቴሌብርን የምስጢር ቁጥር ለማንም አንንገር።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን የዲን ጥያቄ ለማሽን ቢያቀርቡ «ከየትኛው ኪታብ?» ማለትን እናስተምራቸው። ማሽኑ የሌለ ኪታብ ሊጠቅስ ይችላልና መልሱን ለመስጂዳችን ኡስታዝ አቅርበን እናጣራ።

አራተኛ፣ ያላረጋገጥነውን ለሌላ አናስተላልፍ። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራ ያዘዘችን ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው።

ማሽኑ ነገ ከዛሬው የበለጠ ይራቀቃል። «ከማን ሰማኸው?» የምትለው ጥያቄ ግን በየቤታችን ካለች፣ ኢንሻአላህ አንታለልም። አላህ እውነቱን ለይተው ከሚከተሉት ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።